ዕጩው «ክርክሩ ይራዘምልኝ» ሲል ሰው ምን ይላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልዲያ ላይ የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ተመላልሰው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ የውጭዎቹ ቀኖች በፈረንጆች፣ የእኛዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ክርክር ይራዘም ማለትና ክርክር አልገባም ማለት አንድ ነው?

አንድ አይደለም። ይራዘም ያለ ሰው «እከራከራለሁ፣ ዛሬ ግን አልችልም» ማለቱ ነው። አልገባም ያለው በሩን ዘግቶታል። መራጩ ሁለቱን የሚለየው ግን በቃላቸው አይደለም፤ አዲስ ቀን መቆረጡንና አለመቆረጡን አይቶ ነው። ቀን ያልተቆረጠለት መራዘም ብዙ ጊዜ መቅረት ሆኖ ስለሚያልቅ፣ ሰው ጥርጣሬውን ከዚያ ቢጀምር አይፈረድበትም።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ «አካሄዱ ይቀየርልኝ» የሚል። በ1992 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) በአንድ አወያይ ብቻ የሚመራ ክርክር አልቀበልም በማለታቸው ሚሺጋን ላይ ታስቦ የነበረው የመጀመሪያው ክርክር ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ በሄዱበት የቅስቀሳ ቦታ ሁሉ የዶሮ ልብስ የለበሱ ሰዎች ብቅ ይሉባቸው ጀመር፤ በዚያ አገር ዶሮ የፈሪ ምልክት ናት። ቡሽ በኋላ ሦስት ጊዜ ተከራክረዋል። የመጀመሪያው ማንገራገር ግን ሲነሳባቸው ከረመ።

ዕጩ የመከራከር ሕጋዊ ግዴታ አለበት?

አሜሪካ ውስጥ የለበትም። ኬኔዲና ኒክሰን በ1960 በቴሌቪዥን ከተከራከሩ በኋላ በነበሩት ሦስት ተከታታይ ምርጫዎች የፕሬዝዳንት ዕጩዎች ክርክር ጨርሶ አልተካሄደም፤ ልማዱ የተመለሰው በ1976 ነው። ያቆየው ሕግ ሳይሆን ሕዝቡ ክርክሩን መጠበቁ ነው።

በእኛ አገር የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለተወዳዳሪዎች በመገናኛ ብዙኃን የመጠቀም ዕድል ይሰጣል። ይህ ለፓርቲውና ለዕጩው የተሰጠ መብት ነው። መብቱን ባልተጠቀመበት ሰው ላይ ፍርዱን የሚሰጠው መራጩ ነው፤ ለዚህም ነው የሕዝቡ ምላሽ ይህን ያህል የሚከብደው።

ሁልጊዜ የሚነሳው የማኬይን ታሪክ ምንድን ነው?

በሴፕቴምበር 2008 አሜሪካ ምርጫ ልታካሂድ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ነው። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ ባንክ በወሩ 15ኛ ቀን የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ ገበያው ተናጋ። መንግሥት ባንኮችን ለማዳን 700 ቢሊዮን ዶላር ይፈቀድልኝ ብሎ ምክር ቤቱን ጠየቀ። በ24ኛው ቀን የሪፐብሊካኑ ዕጩ ሴናተር ጆን ማኬይን የምርጫ ቅስቀሳቸውን ማቆማቸውን፣ ወደ ዋሽንግተን ሄደው በጉዳዩ ላይ እንደሚሠሩ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ከባራክ ኦባማ ጋር የነበራቸው የመጀመሪያ ክርክርም እንዲራዘም እንደሚፈልጉ አስታወቁ። ኦባማ አልተስማሙም። ፕሬዝዳንት የሚሆን ሰው ከአንድ በላይ ጉዳይ በአንድ ጊዜ መያዝ ይጠበቅበታል ሲሉ መለሱ። አዘጋጁ ኮሚሽንም ዝግጅቱን እንደማያቋርጥ ገለጸ።

በማግስቱ ዋይት ሐውስ ውስጥ ሁለቱም ዕጩዎች የተገኙበት ስብሰባ በጭቅጭቅ ተበተነ። ማኬይን ስምምነት እስኪደረስ አልከራከርም ብለው የነበረ ቢሆንም ስምምነቱ ሳይኖር አርብ ጠዋት እመጣለሁ አሉ፤ ክርክሩም በቀኑ ተካሄደ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 2001፣ የመስቀል ዕለት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ወሩ ረመዳን ስለነበር ወሎ ውስጥ ለስሁር የተነሳ ቤተሰብ ሬዲዮ ቢከፍት በቀጥታ ሊሰማው የሚችልበት ሰዓት ነበር።

ሕዝቡ ያን ጊዜ ምን አለ?

ጥያቄው በቀረበበት ዕለት ሰርቬይ ዩኤስኤ የተባለ ተቋም የሕዝብ አስተያየት ሰበሰበ። ክርክሩ ይራዘም ያሉት ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ግማሹ በተያዘለት ቀን ይካሄድ አለ። ከሲሶው የሚበልጠው ደግሞ ይካሄድ፣ ነገር ግን ስለ ኢኮኖሚው ይሁን አለ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይህ የመጨረሻው መልስ ነው። ሰዎቹ ቀውሱን አላቃለሉትም፤ ቤታቸውና የጡረታ ገንዘባቸው አደጋ ላይ ነበር። ቀውሱን የሚያዩት ግን ለመከራከር ምክንያት እንጂ ላለመከራከር ምክንያት አድርገው አልነበረም። አገር ሲናጋ መሪ ልሁን ባዩን በይበልጥ መስማት እንፈልጋለን ማለታቸው ነው። አወያዩ ጂም ሌረርም የተያዘው ርዕስ የውጭ ጉዳይ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስለ ገንዘብ ቀውሱ አነሳ።

ደጋፊዎቻቸውም ዝም አላሉም። የማኬይን የምርጫ መፈክር «ሀገር ትቅደም» የሚል ነበር፤ ብዙዎቹም እርምጃውን የዚያ መፈክር ተግባር አድርገው ተቀበሉት። በቬትናም ከአምስት ዓመት በላይ የጦር ምርኮኛ የነበረን ሰው ፈሪ ማለት ከባድ ነው፤ የደጋፊዎቹ መከራከሪያም እውነት አለው። ሆኖም ከራሳቸው ፓርቲ የአርካንሳስ ገዢ የነበሩት ማይክ ሃካቢ የክርክሩን መቅረት ማንሳቱ በራሱ ትልቅ ስህተት ነው ሲሉ ተደምጠዋል።

ነገሩን ያባባሰው ቃልና ድርጊት አለመገጣጠሙ ነው። ማኬይን በዚያው ዕለት ማታ በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሊቀርቡ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ወደ ዋሽንግተን መቸኮላቸውን ነግረው ሰረዙ። ሌተርማን ዝግጅቱን እየቀረጸ ሳለ ግን ሰውየው እዚያው ኒውዮርክ በዚያው ጣቢያ ዜና ክፍል ከጋዜጠኛ ኬቲ ኩሪክ ጋር ለቃለ መጠይቅ ሲዘጋጁ በምስል ታዩ። ስለ 700 ቢሊዮን ዶላሩ ዝርዝር የማያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ተረዳ። ስለ ባንክ ሕግ ሃሳብ መስጠት የማይችል መራጭ ቀጠሮ ስለማክበር ሃሳብ አያጣም።

ለአስተናጋጇ ለኦክስፎርድ ከተማና ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጉዳዩ ከዕጩዎቹም በላይ ነበር። በ1962 ጄምስ ሜሬዲዝ የተባለ ጥቁር ተማሪ እዚያ ሲመዘገብ በተነሳው ሁከት ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በዋና ፓርቲ ለፕሬዝዳንትነት የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እዚያው ግቢ ቆሞ ሊከራከር ነበር። ይህን ለማየት ሲዘጋጅ የከረመ ሕዝብ ሁለት ቀን ሲቀረው ይራዘም ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ማኬይን የተሸነፉት በዚህ ነው?

እንዲህ ብሎ መደምደም ልክ አይመስለኝም። ኦባማ በኖቬምበር 4 በ365 ለ173 የወካይ መራጮች ድምፅ አሸንፈዋል፤ ትልቁ ምክንያት ግን የኢኮኖሚው መናጋትና ሕዝቡ በሥልጣን ላይ በነበረው ፓርቲ መሰልቸቱ ነው። ከክርክሩ በኋላ ሲኤንኤን ባሰባሰበው አስተያየት ኦባማ አሸነፉ ያሉት 51 በመቶ፣ ማኬይን ያሉት 38 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ውስጥ የትኛው በክርክሩ፣ የትኛው በይራዘም ጥያቄው፣ የትኛው በገበያው መውደቅ እንደመጣ ለያይቶ ማስቀመጥ አይቻልም። ሊባል የሚችለው፣ ጥያቄው ያሰቡትን የቆራጥ መሪ ምስል አላመጣላቸውም፤ የመዋዠቅ ስም አተረፈላቸው።

ሰው ለምን ወዲያው «ፈርቶ ነው» ይላል?

የክርክር መድረክ ዕጩው በራሱ ሰዎች ሳይታጀብ የሚታይበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ ነው። ፖስተሩን ሌላ ሰው ይሠራለታል፤ ንግግሩን ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ በሰልፍ ላይ የሚያጨበጭበው ደጋፊው ነው። ክርክር ላይ ግን ተቃዋሚው ፊት ለፊቱ ቆሞ «ባለፈው ያልከው የት ደረሰ?» ይለዋል። ከዚህ ቦታ የራቀ ሰው ምክንያቱ ምንም ያህል እውነት ቢሆን የመጀመሪያው ግምት መጥፎ መሆኑ አይቀርም።

ጊዜውም ይወስናል። ወር ሲቀረው የመጣ ጥያቄ የፕሮግራም ጉዳይ ይመስላል። ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ያውም ዕጩው ነፋሱ በተቃራኒው በነፈሰበት ሳምንት የመጣ ከሆነ ሽሽት ይመስላል። ማኬይንን የጎዳቸው አንዱ ይህ ነው። የእርሳቸው ወገን የመጀመሪያው ክርክር ወደ ኦክቶበር 2 ይዛወር ሲል ያ ቀን ለምክትሎቹ ለሳራ ፔሊንና ለጆ ባይደን ክርክር የተያዘ ስለነበር፣ ብዙ ሰው «የምክትሏንም ክርክር ሊያስቀሩ ነው» ብሎ ተረጎመው።

አንዱ ዕጩ ካልመጣ ክርክሩ ይሰረዝ ወይስ በባዶ ወንበር ይካሄድ?

ሁለቱም ተሞክሯል። በ1980 ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር ሦስተኛው ዕጩ ጆን አንደርሰን በተጋበዘበት መድረክ አልገኝም አሉ፤ ባልቲሞር ላይ ሪፐብሊካኑ ዕጩ ሮናልድ ሬገንና አንደርሰን ለሁለት ተከራከሩ። አዘጋጆቹ ለካርተር ባዶ ወንበር ስለማስቀመጥ አስበው ነበር፤ በኋላ ተዉት። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ደፍራ አድርጋዋለች። በ2017 ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ስላልመጡ ተቀናቃኛቸው ራይላ ኦዲንጋ ብቻቸውን ቆመው ጥያቄ ሲመልሱ አመሹ። በ2022 ተራው ደረሰና ኦዲንጋ ራሳቸው ቀሩ፤ ዊልያም ሩቶ ብቻቸውን ተጠየቁ።

እኔ የማምነው በኬንያው አሠራር ነው። የአንዱ መቅረት ሌላው የተዘጋጀበትን ሰዓት ሊወስድበት አይገባም፤ ለመስማት የተቀመጠውንም ሰው ባዶ እጁን ሊሸኘው አይገባም። ነገር ግን ብቻውን የቆመው ዕጩ በፎርፌ እንዳሸነፈ ቡድን ዝም ብሎ ነጥብ ሊቆጠርለት አይገባም። አወያዩ የተቃዋሚውን ቦታ ወስዶ ጠንካራ ጥያቄ ካልጠየቀው ሰዓቱ የአንድ ወገን ቅስቀሳ ሆኖ ያልፋል።

ክርክር የሸሸ ሁሉ ይሸነፋል?

አይሸነፍም። ካርተር በኋላ ከሬገን ጋር ተከራክረው ተሸንፈዋል፤ ሌሎች ሸሽተው አሸንፈዋል። ኬንያታ በ2017 ከክርክሩ ቀርተው አሸናፊ ተብለዋል፤ ያ ውጤት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሽሮ ምርጫው ሲደገምም ኦዲንጋ ራሳቸውን በማግለላቸው አሸናፊው ያው ነበሩ። በ2022 ግን የቀሩት ኦዲንጋ ተሸነፉ። በ2017 የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከቢቢሲው የመሪዎች ክርክር ቀርተው ሚኒስትራቸውን አምበር ራድን ላኩ፤ ሥልጣን ላይ ቢቆዩም በምክር ቤቱ የነበራቸውን አብላጫ መቀመጫ አጡ።

በእኛ አገርስ ሰው እንዲህ የጠበቀው ክርክር ነበር?

ነበር። ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ በፊት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የተላለፉት ክርክሮች እስካሁን የሚወሩ ናቸው። ገዢውን ፓርቲ ፊት ለፊት የሚሞግቱ ሰዎችን ሕዝቡ በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲያይ ያልተለመደ ነገር ነበር። ለወሎ ሰው ደግሞ ከተሟጋቾቹ አንዱ የቤቱ ልጅ ነበር፤ የተቃዋሚው ፓርቲ የኢዴፓ ሰው የነበረው ልደቱ አያሌው የላስታ ሰው ነው። በፖለቲካው የማይስማማበትም ሰው ቢሆን በክርክሩ ላይ የነበረውን አንደበት ያነሳል። በዚያ ምርጫ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት በአዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የነበሩትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ማሸነፉ ይታወቃል፤ ክርክሩ ለዚህ ያደረገውን አስተዋጽኦ የሚክድ ጥቂት ነው።

ከአሜሪካው የሚለየን አንድ ነገር አለ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው የሚከራከሩት፤ ያን ጊዜ አንዱ ካልመጣ መድረኩ ይፈርሳል። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አንመርጥም። በየምርጫ ክልሉ ተወካይ እንመርጣለን፤ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። ስለዚህ ክርክሩ በፓርቲዎች መካከል ነው፤ በአንድ መድረክ አራትም አምስትም ይቀመጣሉ። አንዱ ፓርቲ ይራዘም ቢል የሚጎዳው ዋና ተቀናቃኙ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የሌለው፣ ፖስተር የማያሳትም፣ ያቺን የአየር ሰዓት ብቻ ተስፋ ያደረገ ትንሽ ፓርቲና የግል ዕጩ ጭምር ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

የክርክር መራዘምና የምርጫ መራዘም ለምን ይምታታል?

ሁለቱም በአንድ ቃል ስለሚነገሩና የ2012ቱ ገጠመኝ ከሰው አእምሮ ስላልወጣ ነው። ለነሐሴ 2012 ታስቦ የነበረው አገር አቀፍ ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተራዝሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው የተካሄደው። ያን ውሳኔ አንድ ዕጩ አልወሰነውም። ምርጫ ቦርድ በቀኑ ማካሄድ አልችልም አለ፤ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ትርጉም በኩል አልፎ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወሰነበት። ተቃውሞም ድጋፍም ነበረው። የክርክር ቀን ግን በአዘጋጁ፣ በጣቢያውና በተወዳዳሪዎቹ ስምምነት የሚቆረጥ ነው፤ ቢራዘም ድምፅ መስጫው ቀን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ «ክርክር ተራዘመ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ምርጫው ተራዘመ ብላችሁ አታስተላልፉ፤ ገጠር ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሕዝብ የሚቀበለው ምክንያት የትኛው ነው?

የሁሉም የሆነ ምክንያት። በሜይ 2017 ማንችስተር ላይ በኮንሰርት አዳራሽ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ማግስት የእንግሊዝ ፓርቲዎች ሁሉም በአንድነት ቅስቀሳቸውን ለጥቂት ቀናት አቆሙ። አንዱ ብቻውን ብልጫ ያላገኘበት፣ ሐዘኑ የጋራ የሆነበት ስለነበር ማንም ሸሹ አላላቸውም።

ሕመምና ሐዘንም ይታለፋል፤ አማራጭ ሲቀርብለት እምቢ ካላለ። በ2020 ዶናልድ ትራምፕ በኮሮና ተይዘው ስለነበር ኮሚሽኑ ሁለተኛው ክርክር እያንዳንዳቸው ባሉበት ሆነው በምስል ይሁን አለ። ትራምፕ አልፈልግም አሉ፤ ወገናቸው በሳምንት ይራዘም ብሎ ጠየቀ፤ ባይደን ወገን አልተስማማም፤ ክርክሩ ተሰረዘ። ኦክቶበር 15 ማታ ሁለቱ በተለያዩ ጣቢያዎች በአንድ ሰዓት ለየብቻቸው ከመራጮች ጋር ተነጋገሩ። መራጩ ያጣው ሁለቱን አንድ ላይ የማየት ዕድሉን ነው።

እዚህ ወሎ ውስጥ ከዚህም የቀረቡ ምክንያቶች አሉ። መንገድ ሲዘጋ፣ ጸጥታው ሲደፈርስ ዕጩው ከላስታም ሆነ ከቦረና ደሴ መድረስ አይችልም። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያየ ሰው ይህን ሰበብ ነው አይልም። ክርክሩ ባቲ ላይ በሰኞ ገበያ ቀን ከተያዘ ይራዘም ማለት መራጩን ማክበር ነው፤ ሰዉ ገበያ ነው። የግሸን ማርያም ንግሥ በሚውልበት መስከረም 21 አምባሰል ላይ መድረክ መያዝም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዕጩው ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ሊያነሳው ይገባል።

እኛ ዘንድ ቀጠሮ ማራዘም ነውር አይደለም፤ ለምን በዕጩ ላይ እንጨክናለን?

ይህን ጥያቄ ያነሱልኝ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ጥያቄው ከባድ ነው። እውነት ነው፣ ወሎ በሽምግልና የኖረ አገር ነው። አባጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች የደም ጉዳይ ሳይቀር በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየሰጡ ያበርዱታል። በቅሬም (በእድር) ሰው ሐዘን ገጥሞት፣ መንገድ ሄዶ፣ ታሞ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ማንም አይከፋውም።

ግን ቀጠሮው እንዴት እንደሚተላለፍ እንመልከት። ባለጉዳዩ ከዳር ሆኖ «ዛሬ አልመጣም፣ እናንተም ተበተኑ» አይልም። ቀድሞ ሰው ይልካል፤ ምክንያቱን ለሽማግሌዎቹ ይናገራል፤ ተቃራኒው ወገን ይሰማል፤ ቀኑን የሚቆርጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ማኬይን የሄዱበት መንገድ ከዚህ ይለያል። ኦባማ ጠዋት ደውለውላቸው ስለ ቀውሱ የጋራ መግለጫ ለማውጣት እየተነጋገሩ ሳለ፣ የክርክሩን ጉዳይ በጋራ ሳይቋጩት ማኬይን ካሜራ ፊት ቀርበው አወጁ። ውሳኔው ከሁለቱም ጋር፣ ከአዘጋጁም ጋር ቢመጣ ኖሮ ምላሹ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። እኛ የምንጨክነው በማራዘሙ ላይ አይደለም፤ የሁሉም የሆነን ቀጠሮ አንድ ሰው ብቻውን በማፍረሱ ላይ ነው።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሚባለውን የሕዝብ አስተያየት ብለን እንያዘው?

በጥንቃቄ። ተናዶ የሚጽፈውም አድንቆ የሚጽፈውም አስቀድሞ ወገን የለየው ነው። ደላንታ ወይም ዋድላ ውስጥ በሬዲዮ የምትሰማ እናት፣ ከሚሴ ላይ በአፋን ኦሮሞ የሚወያይ ነጋዴ እዚያ ውስጥ የሉም። በዘፈቀደ የተመረጡ አንድ ሺህ ሰዎች መልስ ራሳቸው ፈልገው ከመጡ መቶ ሺህ ሰዎች አስተያየት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

የምደግፈው ዕጩ ቢሆንስ? ልከራከርለት ወይስ ልቃወመው?

ሁለት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ተቃዋሚው ይህንኑ ቢያደርግ ምን እል ነበር? ያገኘውን ጊዜስ ምን አደረገበት? የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ ሲመልሱት ግን ያማል። የደሴ ወጣቶች ሲወያዩ አይቻለሁ፤ የሌላውን ዕጩ «ሸሸ» ያሉበት አፍ ለራሳቸው ሲሆን «ጥበብ ነው» ይላል።

ሁለተኛው ደግሞ መልሱ በተግባር የሚታይ ነው። ለድርቅ ተጎጂዎች ልድረስ ብሎ ክርክር ያራዘመ ዕጩ በዚያ ቀን የት ነበር? ከተጎጂዎቹ ጋር ነበር ወይስ በሌላ ከተማ ሰልፍ ላይ? ማኬይን ቅስቀሳ አቆምኩ ካሉ በኋላም ቃል አቀባዮቻቸው በየጣቢያው ኦባማን ሲተቹ ነበር፤ ሰዉ ያን አይቶ ነው ያዘነው። ዕጩያችሁ በቃሉ ከተገኘ ሳታፍሩ ተከራከሩለት። ካልተገኘ ደግሞ ቀድማችሁ የምትነግሩት እናንተ ብትሆኑ ይሻላል፤ ከደጋፊ የመጣ ወቀሳ ከተቃዋሚ ከመጣው ቶሎ ይሰማል።

አራዝሞ ወይም አልመጣም ብሎ በመጨረሻ ቢመጣስ?

ብዙ ጊዜ ይታለፍለታል። በ2013 ኡሁሩ ኬንያታ ከሁለተኛው ክርክር ሊቀሩ መሆኑ ከተነገረ በኋላ መጡ፤ ምርጫውንም አሸነፉ። ማኬይን ከክርክሩ ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ሌተርማን ዘንድ ተመልሰው ቀርበው ለቀሩበት ቀን ጥፋቱን በአጭር ቃል አመኑ፤ ተመልካቹም ሳቀላቸው። ሰው ማመንን ይወዳል፤ ማስተባበል ነው የሚያስቆጣው።

መድረኩን ለሚመሩ ሰዎች የምለው ግን አለ። ዕጩው ሲመጣ ስለ መዘግየቱ አንድ ጊዜ ጠይቁት፤ በአንድ ደቂቃ ይመልስ። ከዚያ ወደ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ወደ ደሴ ውኃ፣ ሥራ አጥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ስለሚጓዙ ልጆች እለፉ። አንዳንድ አወያይ ግማሹን ሰዓት «ለምን ቀረህ» እያለ ሲያደርቀው ይውላል፤ በዚያ ጊዜ ዕጩው ከሌላው ጥያቄ ሁሉ ያመልጣል።